ልጆች የሚፈሯቸውና የለመዷቸው ነፍሳት

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ የዋግ ኽምራ ተራሮች በሕይወት ይሞላሉ። በሰቆጣ ዙሪያ ሜዳው አደይ አበባ ይለብሳል፤ ንቡ ከአበባ አበባ ይዞራል፤ ቢራቢሮው ይበራል፤ ጥንዚዛው ከፋንድያ ሥር ብቅ ይላል። ከብትና ፍየል የሚጠብቁ ልጆችም ከእነዚህ ፍጥረታት ጋር ውለው ይገባሉ። አንድ ትንሽ ልጅ ያገኛትን ጥንዚዛ በመዳፉ ይዞ «እማዬ፣ ይቺ ምንድን ናት?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ጣላት! ትነድፍሃለች» የሚል ነው።

እናት ለልጇ መስጋቷ ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያችው ቅጽበት በልጁ ዓይን ዳር ሁለት ሦስት ዝንቦች አርፈው ይሆናል። እነርሱን «እሽ» የሚላቸው የለም። ዝንብ ከቤት እንደማይጠፋ ዕቃ ተለምዷል፤ ልጁም ቤተሰቡም አያዩትም።

በሕክምና ዓይን ሲታይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ልጆች አብዝተው የሚፈሯቸው ሸረሪት፣ አባ ጨጓሬና ጥንዚዛ በአብዛኛው ጉዳታቸው ትንሽ ነው። የለመድናቸው ዝንብ፣ ቅማልና የእከክ ተባይ ግን ዓይን ያጠፋሉ፣ ትኩሳት ያስከትላሉ፣ እንቅልፍ ይነሳሉ። ስለዚህ ልጅን ከነፍሳት ለመጠበቅ ከሁሉ አስቀድሞ ነፍሳትን ማሳወቅ ያስፈልጋል። ወላጆች የዛሬውን ጽሑፍ ከልጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ ብታነቡት ይበልጥ ትጠቀማላችሁ።

እግር በመቁጠር እንጀምር

በትምህርት ቤት «ሦስት አጽቄ» እየተባሉ የሚጠሩት ነፍሳት ስድስት እግርና ሦስት የአካል ክፍል (ራስ፣ ደረትና ሆድ) አላቸው። ንብ፣ ዝንብ፣ ትንኝ፣ ቢራቢሮ፣ ጉንዳን፣ አንበጣ፣ ቅማልና ቁንጫ ከዚህ ወገን ናቸው። ሸረሪት፣ ጊንጥ፣ መዥገርና በዓይን የማትታየው የእከክ ተባይ ግን ስምንት እግር ስላላቸው ከሌላ ወገን ይመደባሉ። የሳይንስ ሊቃውንት እስካሁን ስም የሰጧቸው የነፍሳት ዝርያዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ፣ ሰውን የሚጎዱት ከእነዚህ እጅግ ጥቂቶቹ ናቸው።

ሌሎቹ ለልጅ የሚነገር ድንቅ ታሪክ አላቸው። ቢራቢሮ አበባ ላይ ስታርፍ ጣዕሙን የምትለየው በእግሮቿ ነው። ፋንድያ እያድቦለቦሉ ከሚያንከባልሉ ጥንዚዛዎች መካከል በጨረቃ አልባ ሌሊት አቅጣጫቸውን በፍኖተ ሐሊብ ከዋክብት ብርሃን የሚለዩ አሉ። እነዚህ ጥንዚዛዎች ፋንድያውን ወደ መሬት ሲቀብሩት አፈሩን ያዳብራሉ፤ ዝንብ የምትራባበትንም ቦታ ይቀንሳሉ። ልጁ በመዳፉ ይዟት የነበረችው ጥንዚዛ እንግዲህ የቤተሰቡ የጤና ረዳት ነበረች ማለት ነው።

ንብ፦ የዋግ ሀብት

የዋግ ኽምራ ነጭ ማር በሩቁ የታወቀ ነው። ንቦቹ መንጠሴንና ሌሎች የደጋና የወይና ደጋ አበቦችን ቀስመው ያመርቱታል። ንብ በአካባቢው ታሪክም ትልቅ ስፍራ አላት። ከሰቆጣ በስተደቡብ የምትገኘው የላሊበላ ከተማ ስሟን የወሰደችው ከንጉሥ ላሊበላ ነው፤ በትውፊት እንደሚነገረው ንጉሡ ሲወለድ ንቦች ከበውት ነበር፤ ስሙም በአገውኛ ከንብ ጋር የተያያዘ ትርጉም አለው።

አንዲት ሠራተኛ ንብ በዕድሜዋ ሙሉ የምታመርተው ማር የሻይ ማንኪያ አንድ አሥራ ሁለተኛ ገደማ ነው። ልጁ ሻዩ ላይ የሚጨምራት አንድ ማንኪያ ማር የአሥራ ሁለት ንቦች የዕድሜ ልክ ሥራ መሆኗን ብትነግሩት ቀፎን በድንጋይ መምታቱን ሊተው ይችላል። አበባ ያገኘች ንብ ቀፎ ገብታ በመደነስ አቅጣጫውንና ርቀቱን ለእህቶቿ ትነግራለች። ይህን ቋንቋ የፈታው ካርል ፎን ፍሪሽ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

ንብ የምትነድፈው ራሷን ወይም ቀፎዋን ለመከላከል ነው። ነድፋ መርፌዋን ቆዳ ውስጥ ትታ ስትሄድ ራሷም ትሞታለች። የቀረው መርፌ ለጥቂት ጊዜ መርዝ ማስገባቱን ይቀጥላል፤ ሽታውም ሌሎች ንቦችን ይጠራል። ስለዚህ ንብ የነደፈው ልጅ እጁን ሳያወራጭ ከአካባቢው በፍጥነት ይራቅ። መርፌው በጥፍርም ሆነ በካርድ ጫፍ ወዲያውኑ ይነቀል፤ ከአነቃቀሉ ይልቅ ፍጥነቱ ይበልጣል። ቦታውን በውኃና በሳሙና አጥባችሁ ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጉበት።

የከንፈር፣ የምላስ ወይም የፊት ማበጥ፣ የመተንፈስ ችግር፣ መላ አካልን የሚያዳርስ ሽፍታ፣ ተደጋጋሚ ትውከት ወይም ራስን መሳት ከታየ ግን ከባድ አለርጂ ነው። ደቂቃ ሳይባክን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፤ የአድሬናሊን መርፌ ሕይወት ያድናል። አንድ ልጅ በብዙ ንብ ከተነደፈም አለርጂ ባይታይበት እንኳ መታየት ይኖርበታል።

ማርን በተመለከተ አንድ ጥብቅ ምክር አለ። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ማር አይሰጥም፤ አራስ ሕፃንንም ማር ማላስ አይገባም። ንጹሕ በሆነ ማር ውስጥ እንኳ ሊኖር የሚችል አንድ ዓይነት ባክቴሪያ በሕፃኑ አንጀት ውስጥ አድጎ ጡንቻን የሚያዝልና ትንፋሽ የሚያስቆም መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻውን ይበቃዋል።

በሸረሪት የሚሳበብ በሽታ

ብዙ ሰው ጠዋት ሲነሳ ቆዳው ላይ የሚያቃጥል ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ሲያይ «ሸረሪት ሸናብኝ» ይላል። ሸረሪት በዚህ ጉዳይ ንጹሕ ናት። በቤታችን ጥግ ድሯን የምታደራው ሸረሪት ዝንብና ትንኝ እየያዘች የምትበላ ጎረቤት ናት።

እንዲህ ያለ ሽፍታ ከሚያመጡ ነገሮች አንዱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር የማትበልጥ፣ ጥቁርና ብርቱካንማ ቀለም የተፈራረቀባት ቀጭን ጥንዚዛ ናት። ከዝናብ በኋላ በሌሊት ወደ መብራት ትመጣለች። አትናከስም፣ አትነድፍም። ነገር ግን ቆዳችን ላይ ስንጨፈልቃት በሰውነቷ ያለው መርዝ ያቃጥላል፤ ሽፍታው ከአንድ ቀን ገደማ በኋላ በመስመር መልክ ይወጣል። ስለዚህ አንገታችሁ ላይ ስትሄድ ካገኛችኋት በጥፊ አትምቷት፤ እፍ ብላችሁ አባሯት። ከጨፈለቃችኋት ደግሞ ቦታውን በሳሙና ታጠቡ፤ በዚያ እጅ ዓይናችሁን አትንኩ።

ሌላው ምክንያት «አልማዝ ባለጭራ» የሚባለው በሽታ ነው። ይህ በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የቆየ ቫይረስ ሲቀሰቀስ በአንድ ወገን ብቻ የሚወጣ ሕመም ያለው ሽፍታ ነው። በተለይ በዓይን አካባቢ ከወጣ ዛሬ ነገ ሳይባል ሐኪም ዘንድ መቅረብ ይገባል።

አባ ጨጓሬም ቢሆን ነገ ቢራቢሮ ወይም የሌሊት ቢራቢሮ ይሆናል። ጠጉሩ ግን ቆዳን ያሳክካል። ልጁ ከነካው ቦታውን ማሸት ሳይሆን በፕላስተር እየለጠፉ ጠጉሩን መንቀልና ማጠብ ይሻላል።

ጊንጥ፦ ሊፈራ የሚገባው

ከሰቆጣ ደጋ ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲወረድ አበርገሌ፣ ዝቋላና ሳህላ ሰየምት ይገኛሉ። በዚህ ሞቃታማና ድንጋያማ ቆላ ጊንጥ ይመቸዋል። ጊንጥ ቀን ከድንጋይ፣ ከእንጨት ክምርና ከጫማ ሥር ተደብቆ ሌሊት ይወጣል። እናቲቱ ግልገሎቿን በጀርባዋ አዝላ ትዞራለች። ልጆች ይህን ሲሰሙ ቢገረሙ ደስ ይላል፤ ለማየት ብለው ድንጋይ እንዳይፈነቅሉ ግን ይነገራቸው።

ጫማ ከመልበስ በፊት ማራገፍ፣ መኝታን መፈተሽ፣ እንጨት ሲለቀም እጅን ከማስገባት በፊት በበትር መነካካት፣ ሌሊት በባትሪ መውጣት ብዙ አደጋ ያስቀራል።

ጊንጥ የነደፈውን ልጅ አረጋጉት። ቦታውን እጠቡ፤ ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጉበት፤ ቀለበትና አምባር ካለ እብጠት ሳይመጣ አውልቁ። በምላጭ መብጣት፣ መርዙን መምጠጥ፣ በገመድ አጥብቆ ማሰር ወይም በእሳት መተኮስ መርዙን አያወጣም፤ ቁስልና ኢንፌክሽን ይጨምራል። ትልቅ ሰው ሕመሙን ችሎ ሊያልፈው ይችላል፤ በትንሽ ልጅ ሰውነት ላይ ግን ያው መርዝ ይከብዳል። ብዙ ላብ፣ የምራቅ መዝረክረክ፣ ትውከት፣ መቁነጥነጥ ወይም የትንፋሽ ማጠር የአደጋ ምልክቶች ናቸው። ምልክቱን ሳትጠብቁ ትንሹን ልጅ ወደ ቅርቡ ጤና ተቋም ውሰዱ። ሩቅ ከሆነም ጉዞውን ቶሎ ጀምሩ።

ዝንብ፦ የለመድነው ጠላት

አሁን ወደማንፈራው እንመለስ። በልጆች ዓይን ዙሪያ የምታርፈው ዝንብ የምትፈልገው ከዓይንና ከአፍንጫ የሚወጣውን ፈሳሽ ነው። ከአንዱ ልጅ ዓይን ተነስታ ሌላው ላይ ስታርፍ የትራኮማን ባክቴሪያ ይዛ ልትሄድ ትችላለች። ባክቴሪያው በእጅ፣ በነጠላ ጫፍና በጋራ መኝታም ይተላለፋል።

ትራኮማ ወይም የዓይን ማዝ በአንድ ቀን አያሳውርም፤ የሚታለፈውም ለዚህ ነው። ልጁ በተደጋጋሚ ይያዛል፤ የዓይኑ ቆብ ከውስጥ ይቆስላል፤ ቁስሉ ጠባሳ ይሆናል። ከዓመታት በኋላ ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ሽፋሽፍቱም ዓይኑን መፋቅ ይጀምራል። እያንዳንዱ እርግብታ ሕመም ይሆናል፤ በመጨረሻም ብርሃን ይጠፋል። በልጅነት የጀመረው በሽታ ዓይን የሚያጠፋው በጉልምስና ነው። ሴቶች ከሕፃናት ጋር ስለሚውሉ ይበልጥ ይጎዳሉ፤ ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ እየነቀሉ ለዓመታት የሚኖሩ እናቶችም ብዙ ናቸው። ኢትዮጵያ በዓለም ከፍተኛ የትራኮማ ጫና ካለባቸው አገሮች ቀዳሚዋ ስትሆን፣ በአገሪቱም የአማራ ክልል ከባዱን ድርሻ ይዟል።

ይህች ዝንብ እንቁላሏን መጣል የምትመርጠው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዐይነ ምድር ነው። በጉድጓድ መጸዳጃ ውስጥ ግን አይመቻትም። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ መጸዳጃ ቆፍሮ ሲጠቀም፣ የሕፃኑንም ዐይነ ምድር እዚያው ሲጥል፣ የራሱንና የጎረቤቱን ልጅ ዓይን እየጠበቀ ነው። ከብት ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድርበትን ቤት በክፍል መለየትና እበቱን ቶሎ ማንሳትም ይረዳል።

ሁለተኛው መከላከያ ፊት መታጠብ ነው። «በዋግ ውኃ የት አለና?» የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ እውነትም ብዙ እናቶች ውኃ ፍለጋ ረጅም መንገድ ይሄዳሉ። ነገር ግን ፊት ለመታጠብ ብዙ ውኃ አይጠይቅም። ከታች ትንሽ ቀዳዳ የተበሳበት አሮጌ ፕላስቲክ ዕቃ በገመድ ቢንጠለጠል አንድ ኩባያ ውኃ ለበርካታ ልጆች ይበቃል። ዓይኑ ንጹሕ የሆነ ልጅ ዘንድ ዝንብ የሚጠራት ነገር የለም።

ለትራኮማ በዘመቻ የሚታደለው አዚትሮማይሲን የተባለ መድኃኒት በነጻ ነው፤ ሲመጣ ጤነኛ የሚመስለው የቤተሰብ አባል ጭምር ይውሰደው። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ የታጠፈበት ሰው በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚሠራ አጭር ቀዶ ሕክምና አለለት። የጠፋ ብርሃን ስለማይመለስ ግን ሳይዘገይ ይሂድ።

የቤት ዝንብ ደግሞ የተቅማጥ ጀርሞችን በእግሮቿ ይዛ ከቆሻሻ ወደ ምግብ ትሻገራለች። ተቅማጥ የሚደጋገምበት ሕፃን የበላው አይጠቅመውም፤ ቁመቱም ይቀጭጫል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በከተማዋ ስም ተጠርቷል። ምግብን መክደንና እጅን በሳሙና መታጠብ ይህን ቃል በየቤቱ የምንፈጽምበት መንገድ ነው።

ቅማልና እከክ

የልብስ ቅማል የምትኖረው በልብስ ስፌት ውስጥ ነው፤ ወደ ቆዳ የምትወጣው ደም ለመምጠጥ ብቻ ነው። ሁለት ከባድ በሽታዎችን ታስተላልፋለች። አንዱ ግርሻ የሚባለው፣ ትኩሳቱ ለቀቅ አድርጎ ተመልሶ የሚያገረሸው በሽታ ነው። ሌላው ተስቦ ነው። ተስቦን ቅማል እንደምታስተላልፍ ያረጋገጠው ፈረንሳዊው ሻርል ኒኮል እ.ኤ.አ. በ1928 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል።

ብዙዎች የማያውቁት ነገር የግርሻ ጀርም ወደ ሰው የሚገባው በንክሻው አለመሆኑን ነው። ቅማሏ ስትጨፈለቅ ከሰውነቷ የሚወጣው ፈሳሽ በተቧጨረ ቆዳ ወይም በዓይንና በአፍ በኩል ሲገባ በሽታው ይያዛል። ስለዚህ ቅማልን በጥፍር መጨፍለቅ፣ ይባስ ብሎም በጥርስ መስበር አደገኛ ልማድ ነው። ፍቱኑ መፍትሔ ልብስና አንሶላን በፈላ ውኃ መቀቀል ወይም በጋለ ካውያ ስፌቱን መተኮስ ነው። ግርሻ በጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይድናል። ነገር ግን የመጀመሪያው መድኃኒት ሲሰጥ ብርቱ ብርድ ብርድ ማለትና የደም ግፊት መውረድ ሊያስከትል ስለሚችል በባለሙያ ክትትል ሥር እንጂ ቤት ውስጥ አይወሰድም።

የእከክ ተባይ ደግሞ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ታንሳለች። በቆዳ ውስጥ መንገድ እየቆፈረች እንቁላል ትጥላለች፤ ማሳከኩም ሌሊት ይብሳል። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ወቅት በአማራ ክልል በድርቅ በተጎዱ ወረዳዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ሲመረመር፣ ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ እከክ ተገኝቶበታል። ውኃ ሲጠፋና ሰው ተጨናንቆ ሲያድር፣ እንደ መፈናቀል ባለ ችግር ጊዜ ማለት ነው፣ እከክ ይስፋፋል። ነውር ግን አይደለም።

አንድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዝ ማሳከኩ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ የማያሳክከው ወንድምም ተባዩን ይዞ ሊሆን ይችላል። አንድ ልጅ ብቻ ታክሞ ሌላው ከቀረ በሽታው ይመለሳል። ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን መታከምና በዚያው ቀን ልብስና መኝታን ማጠብ አለበት። ነፍሰ ጡሮችና ትንንሽ ሕፃናት የሚወስዱት መድኃኒት ስለሚለይ ለባለሙያው ይናገሩ።

ድምፅ የሌላት የአሸዋ ዝንብ

የአሸዋ ዝንብ ከሦስት ሚሊ ሜትር አትበልጥም፤ ስትበር ድምፅ የላትም፤ ክንፎቿን ወደ ላይ ከፍታ ታርፋለች። በደጋው አገራችን ሽኮኮ በሚኖርባቸው ገደሎችና ዋሻዎች አካባቢ ቁንጭር የሚባለውን የቆዳ በሽታ ታስተላልፋለች። በልጅ ፊት ላይ የወጣ፣ ሕመም የሌለው፣ ለሳምንታት የማይድንና እየሰፋ የሚሄድ ቁስል ካያችሁ በቅጠል ወይም በእሳት አትተኩሱት፤ ጠባሳው ከበሽታው ይብሳል። ሕክምና አለው። ለመኸር ሥራ ወደ ሁመራና መተማ ቆላ የሚወርዱ ወጣቶች ደግሞ የውስጥ አካልን የሚያጠቃውን ካላአዛርን ሊይዙ ይችላሉ። ከዚያ የተመለሰ ሰው ከሁለት ሳምንት በላይ ትኩሳት ካለው፣ ከከሳና ሆዱ ካበጠ የሄደበትን ቦታ ለሐኪሙ ይንገር።

ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ ራሷን ዝቅ፣ ጭራዋን ከፍ አድርጋ ስታርፍ ትታወቃለች፤ የምትናከሰውም ሴቷ ብቻ ናት። በተከዜ ዳርቻ ባሉ ቆላዎች አጎበር ለመኝታ እንጂ ለሌላ አገልግሎት አይዋል። ትኩሳት የያዘው ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ኬላ ይድረስ።

ለልጆች የሚነገሩ ሦስት ነገሮች

ለልጆቻችሁ ይህን አስጠኗቸው። አንደኛ፣ ንብን፣ ቢራቢሮንና ሸረሪትን ከሩቅ እዩ፤ አትግደሉ። ሁለተኛ፣ ከድንጋይና ከእንጨት ሥር እጃችሁን አታስገቡ፤ የነደፋችሁ ነገር ካለ ሳትደብቁ ለትልቅ ሰው ንገሩ። ሦስተኛ፣ ዝንብ ፊታችሁ ላይ ስታርፍ ዝም አትበሉ፤ አባሯት፣ ከዚያም ፊታችሁን ታጠቡ።

ሦስተኛው ከወላጅ ብዙ ይጠይቃል፤ መጸዳጃ መቆፈርን፣ ውኃ መቆጠብን፣ ሳሙና መግዛትን። ነገር ግን ልጁ ጠዋትና ማታ የሚያደርገው ልማድ ከሆነ፣ ከሠላሳና አርባ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቹን ፊት በራሱ ዓይን ያያል።